የድንጋዩ ክኒን

ከዱምካ ባሻገር፣ አፈሩ ቀይ ሆኖ፣
ዛፉ ስሙ ሳል ነው፤ ይታያል ገንኖ።
አንባቢ ሆይ፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤
እኔ ብሆን ኖሮ፣ በዚህ ነገር አልቀልድም።
ቅጠሉን በስንጥር ሰፍተው በየጓሮው
ሰሃን ያበጁታል።
ሰሃን አይደለም የቸገረው።

ታላመይ ሄምብሮም፣ ዕድሜዋ አሥራ አምስት፣
ክብደቷ ሃያ ስምንት፤
ትምህርት ቤት ለመድረስ ሦስቴ የምትቀመጥ፣
ቁመቷ ሊመዘዝ ሲል አጥንቷ ቀድሞ የሚያገጥጥ።

ሱክርመኒ ሶሬን መጣች፣ ከነብስክሌቷ፣
ከነብረት ሚዛኗ፣ ከነወረቀቷ።
«ሳንባ ነቀርሳ ነው። ስድስት ወር፣ ሳታቋርጪ።
መድኃኒቱ ብቻውን አያድንሽም፤ ብዪ እንጂ።
ባዶ ሆድ የገባ ክኒን ሆድ ይበላል፤
እህል ያላየ ሳንባ በምን ይጠገናል?»

ከዚያ በየወሩ አንድ ቀረጢት፦
ምስር፣ ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣
አንድ ሊትር ዘይት፣
ሠላሳ እንቁላል በገለባ ተጠቅልሎ፣
ለአንድ አፍ ተሰፍሮ።
ቤት ውስጥ ያሉት አፎች ግን ስድስት።

አባት ጡብ ሊያቃጥል ቤንጋል ሄዶ ቀርቷል፤
እናት ከደን ቅጠል ስትለቅም ይመሻል።
አራት ታናናሾች ድስቱን ከበው ቆመዋል።
«አልጠይቅም» ይላል ትንሹ ቹንኩ፤ አይጠይቅም።
ዓይኑን ግን የት ያድርገው? ዓይን መቼም አይጾምም።

ታላቅ እህት ታላመይ! መንደሩ ሲያወራላት
«በሳል ልጅ ነች» ይላል። እውነት ነው፤ በሳል ናት።
እንቁላሉን በክር ለአራት ትከፍልና
«ጠግቤያለሁ» ትላለች፣ ጣቷን ልሳ፣ ብላ ቀና።

የሚዛን ቀን ደረሰ። ሚዛን ይሉኝታ የለው።
ኪሎ ካልጨመረች፣ እንቁላሉስ የት ነው?
ማታ በኩራዝ ጭላንጭል፣ እንቁላል በከፈለችበት ክር
በቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ድንጋይ ስትቀብር
ቹንኩ አይቷታል። ዝም።

በነጋታው ወጣች፤ መርፌው ዘለለ፦ ሠላሳ!
ሱክርመኒ አጨበጨበች፤ ግን ደንቧን ሳትረሳ፣
ኪሎው መስመሩን ስለተሻገረ
በኪሎው ልክ ነውና፣ አንድ ክኒን ተጨመረ።

ለሥጋዋ አይደለም፤ ሥጋስ መች መጣና።
ለድንጋይ ታዘዘ።
ድንጋይ ሳንባ የለው፣ ድንጋይ ሳል የለው፤
የድንጋዩን ክኒን ታላመይ ዋጠችው።

በሦስተኛው ወር ድንጋዩ ሦስት ሆነ።
ቀሚሱ ከበደ፣ ልጅቱ ቀለለች፤
ከጠዋት እስከ ማታ ሲያቅለሸልሻት ዋለች።
ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ክሩ ተበጠሰ፤
ድንጋይ ብረት መታ። ማንም አልተነፈሰ።

ሱክርመኒ አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ አነሳች፤
ድንጋዮቹን ብቻ ሚዛን ላይ አወጣች፦
ሁለት ኪሎ ከሩብ።
ልትጽፍ ብዕር አነሳች። በየትኛው ዓምድ?
ቅጹ ቦታ የለው ለእንዲህ ያለ ጉድ።

«ማን በላው?» አላለችም። ዞር ብላ ቹንኩን
«ና፣ ውጣ» አለችው። ቀጥሎ ወንድሙን፣
ቀጥሎ እህቶቹን፣ በመጨረሻ እናትን፣
ቅጠል የተሸከመ፣ የጎበጠ ጀርባዋን።
ከወረቀቱ ጀርባ ስድስት ቁጥር ጽፋ
ከሥሩ አከለች፦ «በሽተኛ አንድ፤ የተራበ ስድስት።»
ወደ ዱምካ ላከች።

መልሱ ገና ነው።

ክኒኑ ወደ ልኩ ተመልሷል። ሱክርመኒ አሁን
በየቀኑ ትመጣለች፤ ትቀመጣለች ደጃፉን፤
ታላመይ እንቁላሏን ሙሉ እስክትጨርስ።
ላላጩ ቹንኩ ደግሞ ከራሷ ምሳ ትቆርስ።

ሦስቱ ድንጋዮች በር ላይ ናቸው።
የተሰፋው ሰሃን በነፋስ እንዳይበተን
ቹንኩ ጭኗቸዋል።
ሰሃኑ ሞልቷል ብዬ አልዋሽም።
ግን ትናንት ሌሊት ታላመይ
ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሳለችው።
ቹንኩ ነው የቆጠረው።